ወንድሜ ብድግ ያለ ዕለት

ሰው ሁሉ ያን ቀን ወንድሜ ያደረገውን እያነሳ ባመሰገነው ቁጥር ያንገበግበኛል። በርበሬ ሊገዙ የሚመጡ ሴቶች ሳይቀሩ «እንዴት ያለ ጨዋ ወንድም ነው ያለሽ» ይሉኛል። እኔ ሚዛኔን አያለሁ። የልቤን ብናገር ደንበኛ አይተርፈኝም፤ ስለዚህ እዚህ ልናገረው።

ቡሬ ውስጥ በርበሬ እነግዳለሁ። ሱቄ ከገበያው ወረድ ብሎ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቴ፣ ፑል ቤት አለ። ወንድሜ የሚሠራው እዚያ ነው። ጠረጴዛ ይጠርጋል፣ ኳስ ይደረድራል፣ ተራ ያስጠብቃል፤ ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ ለብቻው ይጫወታል። ከእኔ በብዙ ያንሳል። የተወለድነው ቋሪት ገጠር ነው። በልጅነቱ ከገበዘ ማርያም ወጣ ብላ ባለች ደብር የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል። ድቁና ይቀበላል እየተባለ እናታችን ሞተችና እኔ ወዳለሁበት ቡሬ መጣ። ትምህርቱን ጨርሶ ብዙ ጊዜ ሥራ ሲፈልግ ቆየ፤ በመጨረሻ ያገኘው ይህንኑ ነው።

የፑል ቤቱ ጠረጴዛ ወደ በሩ ያዘነብላል። አንዱ እግሩ ሥር ካርቶን አጥፈው ቢያደርጉለትም አልቃናም። ሌላው ተጫዋች በዚህ ሲማረር ወንድሜ ኳሷ የት ላይ እንደምትታጠፍ አጥንቶ፣ ለዚያ አስልቶ መምታት ለመደ። እኔ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ድምፁን እሰማለሁ። የእሱ ምት ይለያል፤ አጭርና ንጹሕ ነው። ሌሎቹ ሲመቱ የማገዶ ክምር የተናደ ይመስላል። ማን እየተጫወተ እንደሆነ ለማወቅ ቀና ብዬ ማየት አያስፈልገኝም።

ሰፈሩ ግን ይህን አይሰማም። ለሰፈሩ ፑል ቤት የዋለ ሁሉ ዱርዬ ነው፤ ቃሚ ነው፣ ሌባ ነው፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ይሆናል። ወንድሜ ጫት በአፉ አልዞረም፤ ማን ይጠይቃል? በርበሬዬን የማስፈጭበት ወፍጮ ቤት ባለቤት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ከወንድሜ ጋር ይዋደዱ ነበር። ወግ ነውና ሽማግሌ ላክን። ባለ ወፍጮው «ዱላ ይዞ ጠረጴዛ ሲዞር ለሚውል ሰው የምድራት ልጅ የለችኝም» ብለው መለሷቸው። ዱላ ያሉት የኳሱን መምቻ ነው። ለሽማግሌዎቹ ብቻ ብለውት ቢሆን ይሁን ባልኩ፤ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ብሄድ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ይስቅበታል። በርበሬዬን አስፈጭቼ ወጣሁ። ሌላ ወፍጮ ሩቅ ነው።

ወንድሜ ያን ጊዜ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ሰው የሚለውን እየሰማ፣ እየሰማ፣ አመነበት። ቄስ በመንገዱ ሲያልፉ ካየ ዱላውን ጥሎ ወደ ጓዳ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሲል የዱላው ጫፍ ከሚቀባው ሰማያዊ ጠመኔ ጣቱ ላይ የቀረውን በሳሙና ፈትጎ ነው የሚሄደው። ከቋሪት ሰው መጥቶ «የኔታ እንዴት ሆነ ብለው ጠይቀውሃል» ሲለው «ከእህቱ ጋር ንግድ ላይ ነው በሉልኝ» ይላል። አጠገቡ ቆሜ ስሰማ እበግናለሁ። ሠርቶ የሚበላ ሰው ምን ያስደብቀዋል?

ከዚያ ውድድሩ መጣ። መንገድ እየተዘጋ ሁለቴ ከተራዘመ በኋላ በመላ አገሪቱ ስማቸው የተጠራ የፑል ተጫዋቾች ፍኖተ ሰላም ገቡ፤ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ። መጫወት እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። በየአካባቢው ማጣሪያ ያለፈ ሰውም ከእነሱ ጋር ይጋጠማል፤ ከእኛ በኩል ያለፈው ወንድሜ ነበር። ያሸነፈውን አንድ የአዲስ አበባ ክለብ በተጫዋችነት ይቀጥረዋል ተባለ። ይህን ሊነግረኝ ሲመጣ በርበሬ እየቀነጠስኩ ነበር።

«እታለም፣ እንግዲህ ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ መልስ ይኖረኛል» አለኝ።

ስለ ደመወዙም ስለ አዲስ አበባም አላነሳም። እኔም ሱቄን ቆልፌ አብሬው ሄድኩ።

ውድድሩ የተካሄደበት የሆቴል አዳራሽ ከዚያ በፊት ሰርግና ስብሰባ እንጂ ሌላ አስተናግዶ አያውቅም። ጠረጴዛዎቹን በአይሱዙ አምጥተው ሠራተኞቹ የግንበኛ ውሃ ልክ እያስቀመጡ ሲያስተካክሉ ወንድሜ አጠገባቸው ቆሞ ያይ ነበር። ሲጨርሱ አንድ ኳስ በጣቱ ገፋ አደረጋት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ቆመች። «ይሄ ጠረጴዛ አያዘነብልም እኮ» አለኝ፣ እንደተታለለ ሰው። እውነትም የመጀመሪያው ቀን እጁ ለቡሬው ጠረጴዛ እያሰላ ቀላል ኳስ ሲያስተው ዋለ፤ ለጥቂት ነው ከመውደቅ የተረፈው። በሁለተኛው ቀን እጁ አዲሱን ለመደ።

ከፊት ረድፍ ስፖንጅ ያላቸው ወንበሮች፣ ከኋላ አግዳሚ ተደርድሯል። ከፊት የተቀመጡትን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ፑል ቤት ይዘጋልን ብለው ቀበሌ ድረስ አቤት ያሉት ሰዎች ናቸው። ባለ ወፍጮውም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ የእንግዳ ባጅ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ከቡሬ መኪና ተኮናትረው ነው የመጡት፤ ቴሌቪዥን ይቀርጻል ስለተባለ። ያው ዱላ ነው፣ ያው ኳስ ነው። ከአዲስ አበባ ተጭኖ ሲመጣ ግን ስፖርት ተባለ፤ «የአእምሮ ጨዋታ ነው» እያሉ እርስ በርስ ሲያስረዱ ሰማኋቸው። ሄጄ የባለ ወፍጮውን ካፖርት ይዤ ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከሴት አይጠበቅምና አግዳሚዬ ላይ ተቀመጥኩ።

እንግዶቹ ሲጫወቱ ማየት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ንዴቴን አስረስቶኛል። በተለይ አንድ የአዲስ አበባ ተጫዋች ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሩ መሸበት የጀመረ። ከመምታቱ በፊት ጠረጴዛውን በዝግታ ይዞራል። ኳሶቹን ሳይሆን በኳሶቹ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ነው የሚያየው። ከዚያ ያጎነብሳል፣ አገጩን ዱላው ላይ ያሳርፋል፣ ይተነፍሳል፣ ይመታል። ሌሎቹን የምትመታው ነጯ ኳስ የተላከች ይመስል ለሚቀጥለው ምት በሚመቸው ቦታ ሄዳ ትቆማለች። ሲያገባ አይስቅም፤ ሲስት ፊቱ አይለወጥም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በትንሽ ፎጣ እጁን ይጠርግና ተራውን ይጠብቃል። በሥራው የማያፍር ሰው እንዲህ ነው የሚቀመጠው ብዬ አሰብኩ። ወንድሜም ዓይኑን ከሰውየው ላይ አልነቀለም፤ እንዴት እንደሚመታ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚቀመጥ ጭምር ያይ ነበር።

አስተዋዋቂው ጸጥታ፣ ጸጥታ እያለ ይለምናል። የእኛ ሰው ጸጥ ማለት አያቅተውም፤ ቅዳሴ ቆሞ ያደገ ነው። የጎዳን ሌላ ነው። እኔ በርበሬ የጠገበ ነጠላዬን እንደለበስኩ ነበር የሄድኩት፤ ነጠላዬን ባስተካከልኩ ቁጥር ከፊቴ ያለው ሰውዬ ያስነጥሰዋል። እሱ ሲያስነጥስ አዳራሹ በሙሉ «ይማርህ» ይላል። እሱም ይነሳና ግራ ቀኙን እጅ እየነሳ «ያኑራችሁ» ይላል። የሐዋሳው ተጫዋች በዚህ መሃል ዓይኑን ጨፍኖ የሚያገባትን ኳስ ስቶ ዞር ብሎ አየን። ነጭ ጓንት ያጠለቀው ዳኛ ሁለት እጁን አንስቶ ለመነን። ምን ይደረግ? ያስነጠሰን ሰው ይማርህ ሳይሉ ማለፍ ለእኛ ሰውየውን እንደ መርገም ነው። ነጠላዬን አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት።

ወንድሜ የድሬዳዋውን አሸነፈ። የባሕር ዳሩንም አሸነፈ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ለዋንጫው ከዚያ ከአዲስ አበባው ሰውዬ ጋር ተገናኘ። አንዷ የሆቴሉ አስተናጋጅ እህቱ መሆኔን ስትሰማ አዝናልኝ ከፊት ረድፉ ጀርባ፣ ልክ ከባለ ወፍጮው ትከሻ ኋላ አስቀመጠችኝ። እየተፈራረቁ ሲያሸንፉ ቆይተው እኩል ሆኑ፤ ሁሉን የምትወስን አንድ ጨዋታ ቀረች።

በእሷ መሃል የክብር እንግዳው ገቡ። ጠዋት ነበር የተጠበቁት። አስተዋዋቂው በማይክሮፎኑ «ክቡራትና ክቡራን፣ ብድግ ብለን እንቀበላቸው» አለ። አዳራሹ ተነሳ፣ ወንበሩ ተንኳኳ፣ ተጨበጨበ። ወንድሜ አጎንብሶ ነበር። ቀና አላለም። መታ፣ ኳሷ ገባች፣ ጠረጴዛውን ዞሮ ለሚቀጥለው አጎነበሰ። ባለ ወፍጮው ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «አየኸው? ለትልቅ ሰው እንኳ አይነሳም፤ ፑል ቤት ያሳደገው!» አሉ። እኔ ግን በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ልጁ የሰውን ዓይን መፍራት ትቷል ብዬ ነበር።

ኳሶቹን አንድ በአንድ አስገባና ጥቁሯ ብቻ ቀረችው። እሷን ካገባ አለቀ። ጥቁሯ በበሩ በኩል ካለው ቀዳዳ አፍ አጠገብ ናት፤ ነጯም ከእሷ ብዙ አትርቅም። ወንድሜ ከጎኗ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረቱን አስደግፎ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ አጎነበሰ። በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና የሆቴሉ ጥበቃ አንድ ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌ እጃቸውን ይዞ አስገባ። ለመዝጊያው ቡራኬ እንዲሰጡ የተጠሩ አባት ነበሩ። ሰዓት ስለማይቆጥሩ ቀድመው ነው የመጡት። አወቅኋቸው። ወንድሜን ዳዊት ያስደገሙት የኔታ ነበሩ።

ወንድሜ አገጩን ከዱላው ሳያነሳ ዓይኑን ብቻ አነሳ። ከዚያ ብድግ አለ።

ብድግ ማለቱን ሁሉም አይቷል። እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ ያየሁት ሌላ ነው። ዱላውን በሁለት እጁ ወደ ጀርባው ወሰደው። ቸኩሎ፣ እንዳያዩበት፣ ከኋላው ሸጎጠው። ሲወስደው ቀጭኑ ጫፍ ጥቁሯን ነካት፤ ሁለት ጣት ያህል ተንከባለለችና ቆመች። ወንድሜ ዓይኑን ከየኔታ ላይ ስላልነቀለ ኳሷን አላያትም፤ እጁ ላይ ግን ሳይሰማው አልቀረም፤ ከንፈሩን ነከሰ። አዳራሹ አባት ገቡ ብሎ ተነስቶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። ጠረጴዛውን የምናየው እኔና ዳኛው ብቻ ነበርን።

«ፋውል» አለ ዳኛው፣ በቀስታ።

በደንቡ ሳይመታ ኳስ የነካ ሰው ተራው ለተቃራኒው ያልፋል፤ ነጯንም አንስቶ በፈለገው ቦታ ያስቀምጣታል። ለአዲስ አበባው ሰውዬ ከዚህ ወዲያ ያለው ጎርሶ መዋጥ ነው። አዳራሹ ይህ ሲገባው ተንጫጫ። ባለ ወፍጮው ተነሱ። «ለአባት የተነሳ ልጅ ይቀጣል? በየት አገር ነው?» አሉ። ከዚያ ያየሁት የትም ውድድር ላይ የሚታይ አይመስለኝም። ሽማግሌዎች ካፖርታቸውን እየሰበሰቡ፣ የወሰን ጠብ ሊያበርዱ የተቀመጡ ይመስል፣ ጠረጴዛውን ከበቡት። «ይቅር በለው» ይሉታል የአዲስ አበባውን ሰውዬ። «ስለ ማርያም፣ ኳሷ ወደ ቦታዋ ትመለስ፤ ሁለታችሁም አታፍሩ።» ዳኛው ነጭ ጓንቱን እያርገበገበ ይለምናል፤ ማን ይሰማዋል? የአዲስ አበባው ሰውዬም ለየኔታ ተነስቶ ነበር። እጁን አጣምሮ «አባቶቼ፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። ተጫዋቹ ራሱ ይናገር» አለ።

ወንድሜ ዱላውን እንደደበቀ «ነክቻለሁ» አለ። በቃ።

የኔታ በሩ አጠገብ ቆመው «ምንድን ነው? ምን ጠፋ?» ይላሉ። አንዱ ሄዶ ለእርስዎ ብሎ ተነስቶ ጨዋታው ተበላሸበት ብሎ ነገራቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያውስ እኔ ልውጣና እንደገና ልግባ?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ቀልደው አይደለም፤ መቋሚያቸውን አዙረው ወደ በሩ ጀምረው ነበር። ያን ሁሉ ጩኸት ያነሳው ሰው፣ የተበላሸውን ለማቃናት ከልባቸው ባሰቡት አንድ ሰው ላይ ሳቀ። እስከ ዛሬ ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ሲሰማኝ ደሜ ይፈላል።

የአዲስ አበባው ሰውዬ ነጯን አስቀመጠ፣ ጨረሰ፣ አሸነፈ። በእሱ ቂም የለኝም። መጥቶ ወንድሜን አቀፈውና ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለው፤ ምን እንዳለው ወንድሜ አልነገረኝም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ተሸነፈ ብዬ እተወው ነበር። የክብር እንግዳው ማይክሮፎኑን ያዙ። «ለእኔ ያልተነሳው ወጣት ለአባቶች ተነሳ! ዋንጫውን አጥቶ ባህላችንን አከበረ!» አሉ። አዳራሹ እልል አለ። ከዚያ ለጨዋነቱ ይሸለም ተባለና አንድ አዲስ ጋቢ መጣ። ያንን ጋቢ ይዘው ወጥተው ትከሻው ላይ ያደረጉለት ማን ናቸው? ባለ ወፍጮው። ልጃቸውን የከለከሉት፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ፑል ቤት ያሳደገው ያሉት፣ ግንባሩን ሳሙት። ወንድሜ ጋቢውን እንደ ሸክም ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሰዉ ትሕትና ነው ብሎ አጨበጨበ። እኔ ዱላው ወደ ኋላው ሲሄድ ስላየሁ አላጨበጨብኩም። የሸለሙት እፍረቱን ነው። እነሱ ራሳቸው፣ በዓመታት፣ እየተሳለቁ የዘሩበትን እፍረት ጋቢ አለበሱት።

ቡራኬው ካለቀ በኋላ የኔታ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ወንድሜ ጉልበታቸውን ሳመና «የኔታ» አለ። በድምፁ አወቁት።

«አንተ ነህ እንዴ? የተነሳኸው አንተ ነህ?»

ለካ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ፍኖተ ሰላም የመጡትም ለሕክምና ነው፤ ያረፉበት ደብር አለቃ ለቡራኬው መምጣት ስላልተመቻቸው ነበር እሳቸውን የላኩት። «ማንም አይታየኝም ልጄ። አረንጓዴ ነገር አየሁ፤ የተነጠፈ ሣር መስሎኝ ነበር» አሉ።

እኔ እዚህ ላይ አልቻልኩም። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሊያከብርዎት አይደለም የተነሳው። ዱላውን ሊደብቅዎት ነው» አልኩ።

«እታለም፣ ተይ በሞቴ» አለ ወንድሜ።

«ለምንድን ነው የሚደብቀኝ?»

ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። «ንግድ ላይ ነኝ ብዬ ነበር የላክሁልዎት» አለ።

የኔታ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ተቆጡም፤ በዋሸው ግን አይደለም። «ዳዊት ስትደግም እንግዳ በገባ ቁጥር ንባቡን ጥለህ ትነሳ ነበር። ስንቴ ገርፌሃለሁ? ንባብ የጀመረ ሰው ጳጳስም ቢገባ አይነሳም፣ ሳይጨርስ ቀና አይልም ብዬህ አልነበረም? ዛሬም ያው ነህ!»

«ያ ዳዊት ነው የኔታ፤ ይሄ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታህ ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም። ሳውቀው እነግርሃለሁ። አንተ ግን ጀምረኸው ነበር።» ደግሞም «በሩ ላይ አቁመውኝ ሳለ ድምፅ ስሰማ ነበር። አንዱ ምት አጭር ነው፤ ጥርት ያለ። የማን ነው?» አሉ።

«የእሱ ነው» አልኩ፤ እሱን ብጠብቅ አይናገርም።

«በል ተነስ፤ ግባና ያቺን የተውካትን ምታት። ልስማት።»

እጃቸውን ይዘን ገባን። ሠራተኞቹ የጠረጴዛውን እግሮች ፈትተው፣ አረንጓዴውን ጨርቅ ጠቅልለው ጨርሰዋል፤ አይሱዙው በሩ ላይ ቆሟል። «አባቴ፣ ተፈቷል እኮ» አሏቸው። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ከጨርቁ ሥር የነበረውን ድንጋይ ዳሰሱ፤ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ለወንድሜ አጨብጭቦ ሄደ፤ ምቱን ለመስማት የፈለጉት አንድ ሰው ግን ሳይሰሙት ቀሩ። ወደ ቡሬ ስንመለስ ወንድሜ ጋቢውን አጥፎ ጉልበቴ ላይ አኖረውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ክለቡ የአዲስ አበባውን ሰውዬ ወሰደ። ወንድሜ ወደዚያ ወዳዘነበለው ጠረጴዛ ተመለሰ። ብዙ ቀን ሲጫወት ሳልሰማ ቆየሁ፤ ይጠርጋል፣ ይደረድራል፣ ይወጣል።

የየኔታ የዓይን ሕክምና ሰመረ። አንድ የገበያ ቀን ከሱቄ በር ላይ ቀና ስል ከባጃጅ ወርደው መንገዱን በመቋሚያቸው ሲሻገሩ አየሁ፤ ማንም አልያዛቸውም። ወደ እኔ ይመጣሉ ስል ፑል ቤት ገቡ። ሥራዬን ጥዬ ተከተልኳቸው። ቤቱ ውስጥ ያለው ወጣት ሁሉ ተነስቶ ግድግዳ ተለጥፏል። ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ነበር። አያቸው፤ ማየቱን ከአንገቱ አወቅሁ። አልተነሳም። ተነፈሰ፣ መታ፣ ያቺ አጭር ድምፅ ተሰማች፣ ኳሷ ገባች። ከዚያ ዱላውን ጠረጴዛው ላይ በግልጽ አስቀምጦ፣ ጠመኔ የነካ ጣቱን ሳይጠርግ፣ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። የኔታ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና «ቀጥል» አሉት። አሁን ቡሬ በመጡ ቁጥር ጎራ ይላሉ። ጨዋታው ደግ ነው ወይስ ክፉ ብዬ ብጠይቃቸው «ገና አልወሰንኩም» ነው መልሳቸው። ወንድሜ ግን ሥራህ ምንድን ነው ለሚለው ሁሉ ፑል ተጫዋች ነኝ ማለት ጀምሯል፤ ክለብ የለውም፣ ግን ይለዋል።

ከተማውስ ምን አለ? የኔታ መጀመሪያ ፑል ቤት በገቡ በሳምንቱ ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ባለ ወፍጮው ሰው ሁሉ እየሰማ «አንቺ፣ ያን ጋቢ የሸለምነውን ልጅ ምን ነካው? የኔታ ሲገቡ ሳይነሳ ቀረ አሉ። ያ ሁሉ ጨዋነት የት ሄደ?» አሉኝ።

ጋቢው እዚያው ነበር። የበርበሬ ጆንያዬን የምሸፍነው በእሱ ነው። ከጆንያው ላይ አነሳሁና፣ ያን ቀን እሳቸው ለወንድሜ እንዳደረጉት፣ በሁለት እጄ ዘርግቼ ትከሻቸው ላይ አደረግሁላቸው። «የእርስዎ ነው፣ ለእርስዎ ይሻላል» አልኩ። ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አስነጠሳቸው፤ ደግሞ አስነጠሳቸው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ይማርዎ» አለ።

እኔ አላልኩም።